የተመሰከረለት አንገት

«ከቤተሰብ አንገቱ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ያለበት አለ?» አለ ሐኪሙ፣ ጣቱን ከልጅቷ ከትንቢት መንጋጋ ሥር ሳያነሳ።

«የለም» አለ አባቷ ወልደዮሐንስ። የዲላ ሙቀት ሰው እያቃጠለ እሱ እስከ ጆሮው ድረስ ሻርፕ ጠምጥሟል።

ትንቢት አቀርቅራ ቀረች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አባቷን በሰው ፊት ዋሽተሃል ትበለው እንዴ?

እብጠቱማ አለ። አምና አባቷ ጪጩ መንደር ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው መድረክ ላይ ወጥቶ «ጌታ አንገቴን ፈወሰኝ» ብሎ መሰከረ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። አልዋሸም ምስኪን፤ የቀነሰ መስሎት ቸኩሎ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሲዳስሰው እብጠቱ እዚያው አለ። ግን አንዴ ከመሰከሩ በኋላ ምን ተብሎ ይመለሳል? ሻርፑ የመጣው ያኔ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም።

«እንግዲያው የቲቢ ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ነገ በመርፌ ናሙና እንወስዳለን» አለ ሐኪሙ። «የጠየቅኩት ወድጄ አይደለም። ከአባት የሚወረስ አንድ ዕጢ አለ፤ ብዙ አይገኝም፣ ካንሰርም አይደለም። ግን ወደ ጭንቅላት የሚሄደውን ደም ሥር አቅፎ ነው የሚያድገው። እሱ ከሆነ መርፌ ሊነካው አይገባም፣ ደም ያፈሳል። ወንድም እህትም መመርመር አለባቸው።»

«እሱ ቢሆን ይድናል?» አለች ትንቢት።

«አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ድምፅሽን ግን ሊወስደው ይችላል፤ ከወጣ በኋላም በሌላው ጎን ሊመጣ ይችላል። ላታልልሽ አልፈልግም።»

በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ፊት ወጥታ ብቻዋን የምትዘምረው ትንቢት ናት።

ኮሪደሩ ላይ እንደወጡ አባቷን እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ ንገረው።»

«ምን ብዬ? ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ይለኛል? የጌታን ስም አሰደብኩ እኮ ነው የሚሆነው።»

«ይዲድያስ?» አለች። ይዲድያ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«እሱ ምንም የለበትም።»

«አለበት። ትናንት ገላውን ሳጥበው በእጄ ዳሰስኩት።»

ወልደዮሐንስ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ቁጣውን ጠበቀች፤ አልመጣም። «እባክሽ ልጄ፣ ዝም በይ» አላት። አባቷ ሲለምን ሰምታ አታውቅም። ዝም ብትልለት በወደደች። መርፌውን ስታስብ ግን የታያት የራሷ አንገት አይደለም፣ የይዲድያ ነው።

ብቻዋን ተመልሳ ገባች።

«ታናሽ ወንድሜ አለበት» አለች። የአባቷን ሳትናገር ይህ ይበቃል ብላ ነበር።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «ከእሱ ሌላስ?»

አሁን ብትናገር አባቷ ያንን መድረክ ዳግመኛ አይረግጠውም። እሷም ላትዘምርበት ትችላለች።

«አባቴም አለበት» አለች ቀስ ብላ። «ውጭ ነው ያለው ዶክተር። እባክዎ እርስዎ ይጥሩት፤ እኔ ዓይኑን ማየት አልችልም።»