ድሮኑን ያነሳ ጣት

ቀለም ቀቢው ከአራተኛው ፎቅ ርብራብ ላይ ሲወድቅ ባልዲው ቀድሞት መሬት ደረሰ። ነጩ ቀለም ጠጠሩ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው በቀለሙ መሀል ተዘርሯል። ይተነፍሳል፤ አይናገርም።

ከራስጌው አንዲት ትንሽ ድሮን ተገልብጣለች። ሦስቱ ክንፎቿ ተሰባብረዋል። አራተኛው ይንቀጠቀጣል።

ሆዷ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የባለቤቷ፣ የአንዲት ልጅ ስምና ስልክ ቁጥር። "ብትጠፋብሽ አግኝተው እንዲመልሱልሽ" ብላ በገዛ እጇ ጽፋ የለጠፈችው እናቷ ነበረች።

ፖሊሶቹ በዚያ ቁጥር ደውለው መጡ። ልጅቷን በነጠላ ጫማዋ ወሰዷት።

እናት ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ልጇ ድሮን ማብረር ልማር ካለች ጀምሮ ክፉ ክፉው ነበር የሚታያት። ድሮኗ የሰው ዓይን ስታወጣ። መኪና ላይ ስትወድቅ። ሽቦ ስትበጥስ። ሁሉንም አስባለች። ይሄን ግን አላሰበችም።

ጣቢያ ስትደርስ መርማሪዋ ወንበር ሳበችላት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትናገር ሴት ናት።

"ልጅዎ ያን ቀን ከሰዓት የት ነበረች?"

"በእግሯ ስትዞር ነበር።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዋን።"

"ማን አያት?"

"እኔ እንጃ።"

"እንግዲህ እኔ የያዝኩትን ልንገርዎት" አለች መርማሪዋ። "የድሮን አስተማሪዋ በክፍሉ ፊት 'አንቺ ገና ነሽ፤ የክንፍ መከላከያውን አታወልቂም' ብሏታል። ተቆጥታ ወጥታለች። ድሮኗ የትምህርት ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበረች። ቁልፉ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል። አደጋው ሲደርስ መከላከያዎቹ ወልቀው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነበሩ። ሪሞቱንም ያበረረው ሰው ወስዶ እዚያው መልሶታል።"

"ልጄ መከላከያ አታወልቅም! እኔ አስምዬያታለሁ!"

"እናቴ፣ ልጆች ለእናታቸው የሚምሉትን እኔም አውቀዋለሁ።"

"ሰውየው ቢሞትስ?"

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። "እንዳይሞት ይጸልዩ።"

ድሮኗን የገዙት አብረው ነበር። ሻጩ ትልቋን ሊያሸክማቸው ምንም አልቀረው። "ንፋስ አይገፋትም፤ ካሜራዋ ጉድ ነው" እያለ ልጅቷን አጓጓት። ያዳናቸው አስተማሪው ነው። "የመጀመሪያ ድሮን መውደቋ አይቀርም" አላቸው። "ስትወድቅ የማታስለቅሳችሁን ግዙ። ትንሽ ትሁን፤ መለዋወጫዋ በየሱቁ የሚገኝ፤ ክንፏ መከላከያ ያለው።" እናት ያን ቀን አመነችው።

ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ከጉልበቷ በላይ ማንሳት ፈርታ ነበር። እናት በየልምምዱ ሜዳው ዳር ትቀመጣለች። ወደ ሰማይ ማየት አትደፍርም። ስለዚህ የልጇን አውራ ጣቶች ታያለች። አስተማሪው ከሩቅ ይጮሃል፦ "የግራውን ዘንግ ወደ ላይ! አይዞሽ! ከእጄ አትማሩ፣ ከአፌ ተማሩ!" ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ከማንም እጅ ላይ ሪሞት ወስዶ አያውቅም። እናት ይህን ወዳለት ነበር። በልጆቹ ይተማመናል ብላ።

ቀስ በቀስ የልጅቷ ጣት መንቀጥቀጡን ተወ። ጣቱ ሲረጋ እናት ድሮኗም እንደረጋች ታውቃለች።

ሆስፒታል ሄደች። ለምን እንደሄደች ራሷም አታውቅም። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ቀለም የነካው ሸሚዝ ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

"የማን ጠያቂ ነሽ?"

"የ… የልጅቷ እናት ነኝ።"

"ሂጂ" አለቻት። "ባሌ ዓይኑን ሲገልጥ ያንቺን ፊት እንዲያይ አልፈልግም።"

ሄደች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሙሽሬ ትዝ አላት።

ሙሽሬ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው፤ በድሮን ትምህርቱ የልጅቷ የክፍል ጓደኛ። የልጅቷን ድሮን ከነመከላከያዋ "ድክ ድክ" ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። "ድክ ድክሽን ይዘሽ መጣሽ? ዳይፐሯን ቀየርሽላት?" ይላታል። አደጋው የደረሰ ቀን ደግሞ ከትምህርት ቀርቶ ነበር።

እናት ስቱዲዮው ገብታ ኮሌታውን ያዘችው።

"አውልቂው አውልቂው ስትላት የከረምከው አንተ ነህ! ድሮኗን የወሰድካት አንተ ነህ!"

"ማዘር! ማዘር፣ ልቀቂኝ! አፌ ነው እንጂ እኔ ጉንዳን አልረግጥም!"

"የት ነበርክ?"

"ሙሽራ ስቀርፅ! የቬሎ ሱቅ ውስጥ! ሙሽሪት ሰባት ቬሎ ለክታ አንዱም አልሆነላትም፤ እኔም ልሞት ነበር!"

የሱቁ ካሜራ አረጋገጠለት። ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ነበር፤ ሶፋ ላይ ሲያዛጋ ሁሉ ይታያል። እናት ተስፋዋን ይዛ እንደገባች ባዶ እጇን ወጣች።

በማግስቱ ልጇን እንድታይ ፈቀዱላት። ልጅቷ ከስታለች። የጣት አሻራ ሲወስዱባት የነካት ጥቁር ቀለም ጣቶቿ ላይ ደርቋል።

"እማ፣ ልፈርም ነው።"

"ምን?"

"እኔ ነኝ ብዬ። ቲቸር መጥቶ ነበር። አለቀሰልኝ እኮ፣ እማ። 'በስህተት ነው በይ፤ ጀማሪ ነሽ፤ ጀማሪን ይቅር ይላሉ። ከካድሽ ግን ይጨክኑብሻል' አለኝ። ነገ ጠዋት እፈርማለሁ።"

"አንቺ ነሽ እንዴ?"

ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። "አይደለሁም። ግን ማን ያምነኛል?"

እናት ስትወጣ በሩ ላይ አስተማሪውን አገኘችው። ለልጅቷ ዳቦ ይዞ መጥቷል። አመሰገነችው። "መምህር፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?" አለችው። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

ከዚያ በቀጥታ መርማሪዋ ቢሮ ገባች።

"ከመፈረሟ በፊት ሪሞቷን አንዴ አሳዩኝ።"

"ምን ያደርግልዎታል?"

"እሷ ይዛው የነበረውን ነገር ልይ። ሌላ ምን አለኝ?"

መርማሪዋ አዘነችላትና ከማስረጃ ክፍል አስመጣችው። ፕላስቲኩን ሳታወልቅ አበራችው። የሪሞቱ ትንሿ የምስል መስታወት ላይ የሁለቱ ዘንጎች ሥዕል መጣ። ከቀኙ ዘንግ አጠገብ ወደ ላይ የሚጠቁም ቀስት አለ።

እናት ጣቷን መስታወቱ ላይ ደገነች። "ይሄ የልጄ አይደለም።"

"መለያ ቁጥሩ የሷ ነው።"

"አይደለም እላለሁ! እሷ ወደ ላይ የምታነሳው በግራ ነው። በግራ አውራ ጣቷ! እኔ ሰማይ አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ጣቷን ነው!"

መርማሪዋ ሪሞቱን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ የቴክኒክ ባለሙያውን ጠራችው።

"የዘንጎቹ ሥራ ይቀየራል" አለ ባለሙያው። "በግራ የሚያነሱ አሉ፤ በቀኝ የሚያነሱም አሉ። በሪሞት በሚበር የድሮ ሞዴል አውሮፕላን የተማሩት ብዙዎቹ በቀኝ ናቸው። ሪሞቱን በመጨረሻ የያዘው ሰው ለራሱ እጅ እንዲመች ቀይሮታል። በግራ የለመደ ሰው በዚህ ማብረር አይችልም፤ ገና ሲነሳ ያጋጨዋል።"

"ይሄ ለምን ሪፖርቱ ላይ የለም?"

"ማንም አልጠየቀኝማ።"

መርማሪዋ ኮቷን አነሳች።

የትምህርት ክፍሉ ጠባብ ነው። አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የመለማመጃ ድሮን። መርማሪዋ አስተማሪውና ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚያበሩ ማየት እፈልጋለሁ አለች። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። እናት ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

ሙሽሬ በግራ ጣቱ አነሳት፤ ዞር አድርጎ አሳረፋት።

"አሁን እርስዎ" አለች መርማሪዋ።

"ተማሪዎቹ ቢያሳዩዎት ይሻላል" አለ አስተማሪው።

"እርስዎን ነው ማየት የምፈልገው።"

ተቀበለ። ጀማሪ ይመስል ጣቶቹን እያየ፣ ቀስ ብሎ በግራ አነሳት። ድሮኗ መሀል ክፍሉ ላይ ቆመች።

"ያን ቀን ከሰዓት የት ነበሩ?"

"ቢሮዬ።"

"የራስዎ ድሮን የት ናት?"

"ክንዷ ተሰንጥቆ… ጥገና ላይ ናት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ዓይኑ ከጣቶቹ ወደ መርማሪዋ ዞረ። ድሮኗ መውረድ ጀመረች። ወደ እናት ጉልበት ቀረበች።

"ወደ ላይ!" ጮኸች መርማሪዋ።

የአስተማሪው ቀኝ አውራ ጣት ተወረወረ። ድሮኗ ግን አልተነሳችም። ወደ ፊት ተፈተለከችና ሰሌዳው ላይ ተላተመች።

"ልማድ ነው" አለ አስተማሪው። "ልጅ ሆኜ በሞዴል አውሮፕላን ነው የተማርኩት።"

"አውቃለሁ። የልጅቷም ሪሞት በእርስዎ ልማድ ተቀይሮ ነው የተገኘው። ወደ ነበረበት መመለሱን ረስተዋል።"

አስተማሪው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሙሽሬ "ቲቸር?" አለ።

ቀለም ቀቢው የወደቀበት ሕንፃ ባለቤት ሕንፃውን ከአየር የሚቀርፅለት ሰው ይፈልግ ነበር። የናሙና ምስሉን ቀድሞ ላመጣ ሥራው ይሰጣል። አስተማሪው የራሱ ድሮን ተሰብሯል፤ ትምህርት ቤቱም ተማሪ እየራቀው ሊዘጋ ነበር። የልጅቷን ወሰደ። መከላከያዎቹ በንፋስ ያንገዳግዷታል፤ ካሜራው ውስጥም ይገባሉ። አወለቃቸው። ማንም እንዳያየው ከሕንፃው ጀርባ ቆሞ አበረራት። የማታዩትን አታብርሩ እያለ የሚጮኸው እሱ፣ የማያየውን አበረረ። ንፋሱ ወደ ርብራቡ ገፋት። ጩኸት ሰማ።

እናት ከጥጉ ተነሳች።

"ፈርሚ ያልካት አንተ ነህ?"

አንቱ ማለቷ በዚያች ቅጽበት ቀረ።

"ጀማሪ ናት ብዬ ነው" አለ። "ጀማሪን ይቅር ይላሉ። እኔን ግን ማን ይቅር ይለኛል?"

እናት በሩን ከፍታ ወጣች።

ልጅቷን ከሰዓት በኋላ ለቀቋት። በነጠላ ጫማዋ ወጣች። ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እናት የነጠላዋን ጫፍ በውሃ አራሰችና የልጇን የግራ አውራ ጣት ታሽ ጀመር።

"ሰውየው ነቃ?" አለች ልጅቷ።

"ገና ነው።"

"ድሮኗ የኔው ናት እኮ፣ እማ። ማንም ያብርራት ማን።"

እናት አሸች። ጥቁሩ ከጥፍሯ ሥር አልለቀቀም።

"ሆስፒታል እንሂድ?"

"ሚስቱ ታባርረናለች።"

"ታባርረን።"

እናት ጣቱን በመዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። እንደገና ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንደ መጀመሪያው ቀን። አልለቀቀችውም። እንደያዘችው ተነሱ።