ቅቤ የተቀባው በትር

ሰቦቃን የካ ካለው ገደል ግርጌ ያገኙት የጠፋ ከብት ሲፈልጉ የዋሉ ሰዎች ናቸው። በጎኑ ወድቆ፣ ጋቢው በጭቃና በደም ተበላሽቶ፣ ቀኝ እጁ በጋቢው ውስጥ እንደተጨበጠ ነበር። የአገሩ ሰው ቦኩ የሚለው የሥልጣን በትሩ ከራስጌው ተጋድሟል። ያን ዕለት፣ በ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት መስከረም ማለቂያ ላይ፣ የአገሩ ሸንጎ፣ ማለት ጨፌው፣ ከገደሉ ማዶ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሲጠብቀው ነበር። ስምንት ዓመት ሕግ የደነገገበትን ሥልጣን ለተተኪው ሊያስረክብ አንድ ስብሰባ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ሰው ሁሉ ሽማግሌውን አዳልጦት ነው አለ። መንገዱ በዝናብ ጭቃ ሆኗልና ማንም አልተጠራጠረም። የእንጦጦው ዳኛ ግን ወሬውን ሲሰሙ መርማሪያቸውን አባይነህን ላኩ።

አባይነህ ቀጭንና ቁጡ ሰው ነው፤ ሲያናግሩት ዐይኑ ከተናጋሪው እጅ አይነቀልም። እናቱ የየካ ተወላጅ ስለነበረች የአገሩን ቋንቋና ወግ ያውቃል። ሬሳው ዘንድ እንደደረሰ ቁጢጥ ብሎ በመጀመሪያ የተመለከተው በትሩን ነው። በትሩ እንደ ወጉ ለስብሰባው ቀን ቅቤ ተቀብቷል። ቅቤው ላይ ግን አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አልተጣበቀችም፤ ጭረትም የለውም። የጣት አሻራም አልነበረበትም፤ መሐሉ ላይ እንደ ሸማ ድርና ማግ ያለ ስስ ምልክት ብቻ ታትሟል።

ከዚያ የሟቹን ጭብጥ ቀስ ብሎ ፈታ። ውስጡ የተነጨ እርጥብ ሣር ነበር። የገደሉ ግርጌ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሣር አይበቅልበትም።  ሣሩን በመሐረቡ ጠቅልሎ ደበቀና ለማንም ሳይናገር ተነሣ።

የሟቹ ሚስት ዲንቄ እንባዋን እየጠረገች የባሏን ታሪክ አወራችው። ሰቦቃ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት ለሕግ ደንጋጊነት ቀርቦ ጨፌው አልፎት ቀጀላን መርጦ ነበር። ሰቦቃ ሳያኮርፍ ስምንት ዓመት ከቀጀላ ሥር ተቀምጦ ሕጉን ተማረ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ያለ ተቃዋሚ ተመረጠ። የመጀመሪያ ሕጉም በምንጩ ዙሪያ ያለው ጽድ እንዳይቆረጥ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ጽድ የቆረጠው የገዛ ታናሽ ወንድሙ ሆኖ ተገኘ። ሰቦቃ ከጨፌው አስወጣው፤ ወንድሙም አገር ጥሎ ሄዶ ሰው አገር ሞተ።

«በትሩን ማን ይነካዋል፣ እናቴ?» አለ አባይነህ።

«እኔ ቅቤ እቀባዋለሁ፤ እሱ ይይዘዋል። ሌላ የሚነካው የለም። ጠዋት ቀብቼ በጠፍሩ ከአልጋው ራስጌ ሰቅዬው ወደ ወንዝ ወረድኩ። ስመለስ እሱም በትሩም የሉም።»

ቀጀላ ከሟቹ ጋር ለዓመታት ሰላምታ እንዳልተለዋወጠ ራሱ ተናገረ። ሳይደብቅ መናገሩ አባይነህን ደስ አሰኘው።

«ለወንድሙ ምሕረት ለመንኩት። ሕግ አይለመንም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም» አለ ሽማግሌው። «ግን የመረጥነው እንዲህ ያለ ሰው በመሆኑ ነበር። አሁን ማንን ልቆጣ?»

ሦስተኛው ሰው ከበበ ነበር፤ ከተራራው አናት ላይ ለሚሠሩት ቤቶች እንጨት የሚያቀርብ የመንዝ ሰው። ስለ ጽዱ ከሰቦቃ ጋር በአደባባይ ተጨቃጭቋል። ሲጠየቅ ራሱ እንዳልቆረጠ፣ ጽዱን ያመጣለት የአገሩ ልጅ እንደሆነ ተናገረ፤ ስሙን ግን ላልናገር ምያለሁ አለ።

በመጨረሻ አባይነህ የሟቹን ልጅ ገረሱን አነጋገረ። ሰቦቃና ዲንቄ ልጅ ስላልወለዱ ገረሱን ከሕፃንነቱ በጉዲፈቻ ያሳደጉት እነሱ ናቸው። ገረሱ ከልቡ ያለቅስ ነበር፤ ለቅሶው የውሸት አልነበረም። የጋቢው ጠርዝ ላይ ግን የወዛ ነገር ነበር። አባይነህ ያን ሲያይ እውነቱ ሌላ በሆነ ብሎ ተመኘ።

በማግስቱ የአካባቢው ሰው ሁሉ ለአውጫጭኝ ተጠራ። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ከሜዳው አይነሣም። አባይነህ በትሩን በለምለም ቅጠል ላይ አጋድሞ መሐል ቆመ።

«ከበበ፣ ያን በትር አቀብለኝ» አለ።

ከበበ ሄዶ በባዶ እጁ ጭብጥ አድርጎ ያዘው። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ሰውየው ምን እንዳጠፋ ስላልገባው ደንግጦ አስቀመጠው። አባይነህ ቀጥሎ ቀጀላን ጠየቀ። ቀጀላም በባዶ እጁ አነሣው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አላጉረመረመም፤ በትሩን ስምንት ዓመት ይዞታልና።

«አሁን አንተ፣ ገረሱ።»

ገረሱ ጎንበስ አለ። ምንም ሳያስብ የጋቢውን ጠርዝ በመዳፉ ላይ አጥፎ በትሩን በእሱ ያዘ። ለአባይነህ ሊያቀብለው ቀና ሲል የሁሉም ሰው ዐይን እጁ ላይ ነበር።

«ይህ በትር ከገደል አልወደቀም» አለ አባይነህ ዝግ ብሎ። «ወድቆ ቢሆን ቅቤው አሸዋ ይለብስ ነበር። ሰቦቃ ከሞተ በኋላ ሰው ከቤት አምጥቶ ነው ራስጌው ያኖረው። ያለ በትሩ ወደ ጨፌ ይሄድ ነበር ብሎ የሚያምን ስለሌለ፣ በመንገዱ ላይ እንዳዳለጠው እንድናስብ። ያመጣው ሰው በልብስ ይዞታል፤ የሸማው ድር ቅቤው ላይ ቀርቷል። እንግዳ ሰው ቢሆን እንደ ከበበ በባዶ እጁ ይይዘው ነበር። አባ ቀጀላና እናታችን ቢሆኑም በባዶ እጅ መያዝ ወጋቸው ነው። በልብስ የሚይዘው ከሕፃንነቱ አትንካ እየተባለ በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ብቻ ነው።»

ከበበ አንገቱን ደፍቶ ጽዱን ያመጣለት ገረሱ መሆኑን ተናገረ። ገረሱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ ጽድ መቁረጤን አውቀውብኝ ነበር» አለ። «የጉዲፈቻ ልጅ ከጨፌ ከወጣ ያሳዳጊውን ስም ያጣል። ገደሉ ጫፍ አገኘኋቸውና ስሜን ሊጠሩ ነው ወይ አልኳቸው። ዝም አሉኝ። ደጋግሜ ለመንኳቸው፤ አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ለወንድማቸው ያልራሩ ለእኔ አይራሩም ብዬ ገፋኋቸው።»

አባይነህ መሐረቡን ፈታ። ሣሩ ጠውልጓል።

«ይህ በጋቢው ሥር በጨበጠው እጁ ውስጥ ነበር» አለ።

ቀጀላ ሣሩን ሲያይ ወደ ገረሱ ዞረ። «ምሕረት የሚለምን ሰው በትሩን ቤቱ ትቶ ሣር ይነጫል» አለው። «ሣር የያዘ ሰው ሽማግሌዎች ፊት እስኪደርስ አፉን አይከፍትም። ልጄ፣ አባትህ ሊከስህ አልነበረም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊለምን ነበር፤ ለአንተ።»

ገረሱ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ ቀረ። ከሕዝቡ መካከል ብዙዎች አለቀሱ።

ዲንቄ ተነሣች። የጠወለገውን ሣር ከአባይነህ እጅ ወሰደች። በሰዉ መሐል፣ ማንንም ሳታናግር፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች። አባይነህ የምታደርገውን ሲረዳ ኮፍያውን አወለቀ። ሣሩን ለቀጀላ ዘረጋችና ያን ጊዜ ተናገረች።

«ነፍሱን ዳኛ ይወቅ። ስሙን ግን አትንሱት። አባቱ ይህን ሊላችሁ ነበር።»

ቀጀላ ለሰቦቃ ወንድም የለመነበት ቀን ትዝ ብሎት እንደሆነ ፊቱ ይናገር ነበር። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሣሩን ተቀበለ፤ ሣር ከተቀበሉ ልመናው ደርሷል ማለት ነው።

አባይነህ ገረሱን አስሮ ወደ እንጦጦ ወሰደው። ዳኛው ፊት ሲቆም እንደማንኛውም ተከሳሽ ስሙን ከነአባቱ ተጠየቀ። ልጁ አፉን ሦስቴ ከፍቶ ሦስቴ ዘጋ። 

«ገረሱ ሰቦቃ» አለ አባይነህ ከጎኑ።