የፈሪ ቀዳዳ

ሽማግሌው ሲወድቁ ያላየ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ወንበሩ ሞልቶ፣ የተረፈው ግድግዳ ተደግፎ፣ ሁሉም አንጋጦ ነበር። አስከሬናቸው ከትልቁ ምሰሶ ሥር አሮጌ ሸራ ለብሶ ሲጋደም ግን ያ ሁሉ ዓይን ምንም እንዳላየ ሆነ። «አደጋ ነው» አለ አንዱ። «እርጅና ነዋ» አለ ሌላው። ከዚያ ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ እየሾለከ ወጣ። ሽማግሌው አየር ላይ ሲንጠለጠሉ ትርኢት መስሎት አጨብጭቦ ነበርና ዓይን ለዓይን መተያየት አፍሯል።

ሟቹን ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው «አባባ ሸራ» በሚል ስም ነው። ጉልምስናቸውን በሸራ መርከብ፣ እርጅናቸውን በዚህ የመርከብ ሙዚየም የጨረሱ ሰው ነበሩ። የዕለቱ ጉባኤ የተጠራው ለአንድ ቃል ሲባል ነው። አዳራሹ መሐል ከቆመው የመርከብ ምሰሶ አጋማሽ በላይ መርከበኞች «ቆጥ» የሚሉት ከእንጨት የተሠራ መቆሚያ አለ፤ መሐሉ ላይ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ስሙ «የፈሪ ቀዳዳ» ነው። አባባ ሸራ «ደፋሩ በውጭ በኩል ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ በቀዳዳው የሚሾልከው ፈሪ ነው፤ ስሙን ያወጡት መርከበኞች ናቸው» ይላሉ። የሙዚየሙ ቃል አጥኚ ደግሞ «የመጠጥ ቤት ወሬ! ስሙን በኋላ ያመጡት ተሳፋሪዎች ናቸው፤ መርከበኛ በቀዳዳ መውጣት አሳፍሮት አያውቅም» ብሎ መጽሐፍ ጽፏል። ለዓመታት በዚህ ሲነታረኩ ኖረው፣ ዛሬ ሽማግሌው ቆጡ ላይ ወጥተው ከዚያ ሆነው ሊናገሩ ነበር።

የተጠራችው መርማሪ በመሥሪያ ቤቷ «ወይዘሮ ለምን» ትባላለች። ለባሏም ለአለቃዋም ከዚህ ቃል ሌላ የላትም እያሉ ያሟታል።

መጀመሪያ የሟቹን ልጅ አነጋገረች። ሴትዮዋ የሙዚየሙ አስጎብኚ ናት፤ ከትኬት መቁረጫው ጀርባ ተቀምጣ የአባቷን ጫማ ታቅፋለች።

«ጫማው ለምን አንቺ ጋ መጣ?»

«ደብቄባቸው ነው። እንዳይወጡ። በባዶ እግራቸው ወጡ፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ቆይ እስቲ። በውጭ በኩል እንደሚወጡ ታውቂ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! በቀዳዳው እገባለሁ ብለው ምለውልኛል። ‹በዚህ ዕድሜዬ ማን ይስቅብኛል› አሉኝ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ፣ ወደ ሕዝቡ አዩ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ዞሩ። ለምን እንደዋሹኝ አላውቅም።»

ወይዘሮ ለምን ጫማዋን አወለቀች። ከምሰሶው ጎንና ጎን ወደ ላይ የተወጠሩ ወፋፍራም ገመዶች አሉ፤ በመካከላቸው ቀጫጭን አግድም ገመዶች እንደ መሰላል ታስረዋል። አግድሙን ጨብጣ ሁለት እርምጃ እንደወጣች ከታች ሸራ ጠጋኙ አንባረቀባት። የሟቹ የመርከብ ጓደኛ ነው፤ አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ ካለው ቆይቷል።

«ልጄ፣ የቆመውን ያዢ! አግድሙ ይረገጣል እንጂ አይጨበጥም። ቢበጠስ እግርሽ ብቻ ነው የሚንጠለጠለው።»

«የቆመው ቅጥራን ነው አባቴ፣ ልብሴን አበላሸው።»

«ዛሬ ጠዋት እኔው ነኝ የቀባሁት። የሚደርስልኝን ሁሉ በረጅም ዱላ፣ ከቆጡ ሥር ያሉትን ገመዶች ደግሞ ከአዳራሹ ሰገነት ሆኜ። ለበዓሉ ያምርበት ብዬ። ምን ያደርጋል፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ጓደኛዬን አጣሁ።»

ወደ ታች ሳታይ ቀዳዳው ሥር ደረሰች፤ ከፍታ ትፈራለች፣ ይህን ግን ለባልደረቦቿ ተናግራ አታውቅም። ቀዳዳው ክዳን አለው። ገፋችው፤ አልተነቃነቀም። በስንጥቁ ስታይ መቀርቀሪያው ከላይ ተወርውሯል። ከቀዳዳው ሥር ወደ ቆጡ ውጭ በሚያዞሩት ገመዶች ላይ ደግሞ ቅጥራኑ በእጅ ተጠርጎ ነበር። እስከ ቆጡ ጠርዝ ድረስ።

«ክዳኑን ማን ዘጋው?» አለች ወርዳ።

ሸራ ጠጋኙ ፊቱ ተለወጠ። «የሚዘጋ ነገር አይደለም እኮ። ጠዋት ቀብቼ እጄን ልታጠብ ስሄድ ክፍት ነበር።»

ቃል አጥኚውን ያገኘችው በቢሮው ሻይ ሲጠጣ ነው። የድሮ መጽሐፍ የሚገልጥበትን ነጭ የጨርቅ ጓንት አላወለቀም።

«ዶክተር፣ ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በቃል እንጂ በሰው አልተጣላንም። ትናንት እዚሁ አብረን ሻይ ጠጥተናል። በጣም ነው ያዘንኩት።»

«ስለ ዛሬው ንግግራቸው ነግረዎታል?»

«ከላይ ሆነው፣ በቀዳዳው እያለቀሰ ስለወጣ አንድ ልጅ እንደሚያወሩ ነገሩኝ። እየሳቁ። ያው ተረታቸው ነው።»

«እርስዎ ባሕር ላይ ሠርተው ያውቃሉ?»

«እኔ? እኔ የመጽሐፍ ሰው ነኝ» አለና ሲኒውን አስቀመጠ። ነጩ ጓንት መዳፉ ላይ ጠቆር ብሏል።

ሦስቱንም ምሰሶው ሥር ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ሸራው ብቻ ቀርቷል፤ ማንም ሊያጥፈው አልደፈረም።

«አባባ ሸራ ልጃቸውን አልዋሹም» ብላ ጀመረች። «በቀዳዳው ሊገቡ ነው የሄዱት። ተዘግቶ አገኙት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?»

«እወርዳለሁ» አለች የሟቹ ልጅ።

«እኔም እወርዳለሁ። እሳቸው ግን ያ ሁሉ ሰው እያያቸው ለመውረድ አፈሩ። ይሉኝታ ወደ ውጭ ገፋቸው። ክዳኑን የዘጋው ሰው ይህን ያውቅ ነበር። አሁን መቀርቀሪያው ያለው ከላይ ነው። የዘጋው ሰው በየት ወረደ?»

«በውጭ ነዋ፤ ሌላ መንገድ የለም» አለ ሸራ ጠጋኙ።

«ሟቹ የወደቁት ጠርዙን ሳይነኩ ነው፤ ሁሉም አይቷል። ቅጥራኑ ግን እስከ ጠርዙ ተጠርጓል። ስለዚህ ከእሳቸው በፊት በዚያ የወረደ ሰው አለ፣ የያዘውም የቆመውን ገመድ ነው። እስቲ በየተራ ገመዱ ላይ አንድ እርምጃ ውጡልኝ።»

የሟቹ ልጅ እንደ መሰላል አግድሙን ጨበጠች። ሸራ ጠጋኙ ጉልበቱን እያሳየ ራሱን ነቀነቀ። ቃል አጥኚው ፈገግ ብሎ ቀረበና እጁን ሰደደ፤ እጁ በቀጥታ የቆመውን ገመድ ያዘ። ወዲያው ወደ አግድሙ አዛወረው፤ ግን ረፍዷል።

«ማን አስተማረዎት ዶክተር? እኔ እንኳ እኒህ አባት ተቆጥተውኝ ነው ያወቅኩት። እስቲ ጓንትዎን ያውልቁ።»

አላወለቀም። ማንም አላስገደደውም፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እርስዎ መርከበኛ በቀዳዳ መውጣት አያፍርም ብለው መጽሐፍ ጽፈዋል» አለች ወይዘሮ ለምን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያን ቢያምኑበት ኖሮ ክዳኑን መዝጋት ምን ይጠቅምዎታል? ሽማግሌው ይወርዳሉ፣ ያበቃል። ወጥመዱ የሚይዘው የሚያፍር ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከእሳቸው ይበልጥ የሚያምኑበት እርስዎ ነዎት። ለምን?»

ሰውየው ቁጭ አለ። ወንበር አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለልምምድ እሳቸው መርከብ ላይ ተመድቤ። በውጭ ውጣ አሉኝ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። በቀዳዳው እያለቀስኩ ወጣሁ። የሳቁት ሳቅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ባሕሩን ትቼ መጽሐፍ ውስጥ ገባሁ፤ የዚያ ቃል ትርጉም ሌላ ቢሆንልኝ ብዬ ዕድሜዬን ጨረስኩ። እሳቸው የረሱኝ መስሎኝ ነበር። ትናንት ስለ ልጁ ሲነግሩኝ… በሕዝብ ፊት ስሜን ሊጠሩ ነው አልኩ። ጠዋት ክዳኑን ዘግቼ፣ ያኔ እግሬ እምቢ ባለኝ በውጩ መንገድ ወረድኩ። ዝም እንዲሉ ነበር የፈለግኩት።»

«አንተን አላወቁህም» አለች የሟቹ ልጅ። ድምጿ አልጮኸም። «ልጁ አባቴ ናቸው። መጀመሪያ ቀን በቀዳዳው እያለቀሱ የወጡት እሳቸው ናቸው። ሰባ ዓመት ደብቀው፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊናገሩት ነበር። ‹ይሳቁብኝ፤ ሸክም ሆኖብኛል› ነው ያሉኝ።»

ሸራ ጠጋኙ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «እኔም በቀዳዳው ነበር የወጣሁት» አለ ለራሱ ያህል። «አንዳችን ለሌላችን ተናግረን አናውቅም።»

መርማሪዋ ተንበርክካ ቃሉን መጻፍ ጀመረች። ቃል አጥኚው አጎነበሰ፤ ድምፁም ወደ ልመና ተለወጠ።

«እህቴ፣ አደራሽን። ገደለ ብለሽ ጻፊ፤ እፈርማለሁ። በቀዳዳው መውጣቴን ግን ተይልኝ።»

«ያለ እሱ ለምን እንደገደልክ አይገባም» አለችው። «ጽፌዋለሁ።»

ሰውየው ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።