የተመራማሪው የመጨረሻ አወዳደቅ

ተመራማሪው በሚኖርበት ፎቅ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ሥር የተጣጠፈ ሹራብ አለ። ሹራቡ የአንዲት መጤ ነው፤ ምድር ቤቱን ከተከራየች ሳምንት አልሞላትም፤ እጇም ደም ነክቶታል። ጎረቤቶቹ መርማሪዋን ገና ሲያዩ በአንድ አፍ «እሷ ናት!» አሉ።

መርማሪዋ ግን በቀላሉ የምታምን ሴት አይደለችም። ገፍቶ የጣለ ሰው መልሶ ትራስ አያደርግለትም ስትል አሰበች።

«ሟቹ ሥራው ምን ነበር?» ስትል ከጎረቤቶቹ አንዱን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ጠየቀችው።

«ስለ ሰው ፍልሰት፣ ስለ ጉርብትና፣ ማን ደስ ብሎት እንደሚኖር ያጠናል። እኛንማ ‹እንደ እናንተ የሚተሳሰብ አላየሁም› ብሎናል» አለ ኮራ ብሎ።

«ጩኸት አልሰሙም?»

«ኧረ ምንም! ብሰማስ፣ ደግሞ ጀመረው ብዬ...» ምላሱን ነከሰ።

ሌላው ጎረቤት፣ ጡረተኛው መምህር፣ በበኩላቸው «እንቅልፍ ላይ ነበርኩ፣ ልጄ» አሉ። አቧራ የጠገበው በራቸው መሃል ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ተወልውላ ታበራለች። መርማሪዋ ተመልሳ የልብስ ሰፊውን በር አየች፤ እዚያም እንደዚያው።

ሁሉንም ደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸው። የሟቹ እህትም ዓይኗ አብጦ ቆማለች።

«የገፋው የለም» አለች መርማሪዋ። «ሐኪሙ ‹አዙሮት ነው የወደቀው፣ ቶሎ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር› ብሏል። ይቺ ልጅ ደም በነካው እጇ በራችሁን አንኳኩታለች። ደሙን የወለወላችሁት እናንተ ናችሁ። ‹ደግሞ ጀመረው› የተባለውስ ምኑ ነው?»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። መምህሩ ግን ተናገሩ።

«ማን እንደሚያነሣው ለማየት እያወቀ ይወድቅ ነበር። ለጥናቱ። መጀመሪያ ሰሞን ተሯሩጠን አነሣነው፤ ኋላ ነቃንበት። እሷንም እሱ የላካት መሰለን። በሩን ሳልከፍት ‹ነቅተንበታል በይው› አልኳት።»

«ስልክ የለኝም» አለች መጤዋ። «ጎዳና ወጥቼ መኪና ለመንኩ። ማን ይቁምልኝ?»

እህትየው ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ታዲያ ማንን ሊያስሩልኝ ነው?»

መርማሪዋ ስንቱን ነፍሰ ገዳይ አፋጥጣ ያወጣች ናት። ነገር ግን በር ባለመክፈት የሚከሰስ ሰው የለም።

እህትየው መጤዋን እጇን ያዘቻት። «ወንድሜ የተናገረው ነገር ነበር?»

«‹የዛሬው የእውነቴን ነው በያቸው› አለኝ።»

«ነገርሻቸው?»

«በየበሩ።»