በልክ የተሰፋ ቅጣት

ጠበቃዋ ቀልዷን ስትወረውር አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ወላጆች ጭምር እያጨበጨቡ ነበር። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው አባቷ ነው።

የወላጆች ቀን ክርክር ርዕስ «ልጅ ያለ ዱላ ያድጋል ወይስ አያድግም?» የሚል ነበር። ለእሷ በዕጣ የደረሳት «አያድግም» የሚለው ወገን ነው። ሌላኛው ቢደርሳት ኖሮም እንዲሁ አሳምራ ትከራከር ነበር። ገና አስራ አምስት ዓመቷ ቢሆንም ምላሷ ጤፍ ይቆላል፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ጠበቃዋ እያለ የሚጠራትም ለዚህ ነው።

ያሳቀቻቸው ስለ ገዛ ቤቷ በማውራት ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ እንደሆነ፣ ልጆቹንም እንደ ደንበኞቹ በልክ እንደሚያስተናግድ ተናገረች። የስምንት ዓመት ልጅ ካጠፋ ስምንት፣ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ካጠፋች አስራ አምስት፤ በእንጨት ማስመሪያ፣ መዳፍ ላይ። አንድ አይጨመርም፣ አንድ አይቀነስም። ሲያበቃ አመሰግናለሁ ተብሎ ወደ ሥራ ነው።

«እኛ ቤት ማንም በንዴት አይመታም» አለች። «ተለክቶ ነው የሚሰፋልን። ይኸው፣ አልጠበበኝም፣ አልሰፋኝም።»

ተጋጣሚዋ ድምፅዋ ከአፏ አልወጣ ስለሚል ሹክሹክታ የሚሏት ልጅ ነበረች። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ከአስራ አምስቱ ስንተኛው ላይ ነው ጥፋትሽ የሚገባሽ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ስትመታ የምታስበው ስንት እንደቀረ ብቻ ነው። ጥፋቷ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። ግን መድረክ ላይ ዝም ያለ ተሸነፈ ማለት ነውና፣ «እኔ ፈጣን ነኝ፤ ገና ማስመሪያው ሲነሳ ይገባኛል» ብላ መለሰች። ዳኞቹ ራሳቸው ሳቁ። አንደኛ ወጣች። የክፍሏ ልጆች «ቀወጥሽው!» እያሉ ትከሻዋን ሲመቷት፣ ሹክሹክታ እንኳን ደስ ያለሽ ልትላት መጥታ እጇን ጨበጠቻት። ከዚያም ሳትለቃት መዳፏን ገልብጣ አየችውና ሄደች።

አባቷ መመስገን እንጂ ማመስገን የማይሆንለት ሰው ነው። ያን ቀን ግን ደረቱን ነፍቶ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «ልጄ ናት» አለ። ፀጉር አስተካካዩን ከሥራው አስቁሞ የልኩን ቀልድ ከነሳቁ ደገመለት። እሷም ከጎኑ እየሄደች ደስ አላት። በጣም ደስ አላት፤ ይህን በኋላ ለራሷ መካድ አልቻለችም።

የሚሰፉት እዚያው የሚኖሩበት ቤት፣ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሁልጊዜ የሚግል ካውያ። ሲገቡ እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ ትዘመዝማለች። የስምንት ዓመቱ ወንድሟ ማሙሽ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተተረተረ የጨርቅ ኳስ አለ። ከሆዱ የወጣው ግራጫ ጨርቅ፣ ባለቤቱ ነገ ጠዋት መጥቶ የሚወስደው ኮት እጅጌ ነበር። አራት ቦታ ተቆርጧል።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ ከጠረጴዛ በላይ ያለ ጨርቅ የሥራ ነው፣ ከጠረጴዛ በታች የወደቀ ቁራጭ የልጆች ነው። ማሙሽ ኳሱን የሚሠራው ሁልጊዜ ከወደቀው ነው። የዛሬውንም እዚያው ሥር ነው ያገኘው። እናቱ ቀና ሳትል፣ ጠዋት አባትየው ወደ ክርክሩ ሲቸኩል ጃኬቱን ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሳ እጅጌው አብሮ ወድቆ እንደሆነስ አለች። ባሏ ዞር ብሎ አያት። ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

አባቷ አልጮኸም። ማስመሪያውን ከሚስማሩ ላይ አወረደና ወደ ማሙሽ በመሄድ ፈንታ ለጠበቃዋ ዘረጋላት።

«ዛሬ አንቺ ነሽ» አላት። «ያን ሁሉ ሰው ያሳመነ አፍ ወንድምሽን ማስተማር አያቅተውም። ስምንት ነው።»

«ከጠረጴዛ በታች ነበር እኮ አባዬ። የወደቀ የልጆች ነው ያልከው አንተ ነህ።»

«ክርክሩ ትምህርት ቤት አልቋል።»

እምቢ ካለችም ልኳን እንደምታውቅ ነገራት። ታውቃለች። አስራ አምስት ማለት እርሳስ ለመያዝ ሁለት ቀን መጠበቅ ነው፤ ነገ ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለ። ማስመሪያውን ተቀበለችው። መዳፏ ላይ ሲያርፍ ብቻ ስለምታውቀው ከባድ ነገር ይመስላት ነበር። በእጅ ሲይዙት ግን ምንም አይከብድም።

ማሙሽ ሳይነገረው መዳፎቹን ዘረጋ። ቀስ ብላ መታችው። አባቷ ይሄ አይቆጠርም አለ። ሁለተኛውን ጠንከር አደረገችው፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው፣ እናቷም መርፌው ጣቷን የወጋት ይመስል ደነገጠች። ማሙሽ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ቶሎ ቶሎ ተናገረ።

«አመሰግናለሁ እታለም። አመሰግናለሁ።»

ምስጋናው መጨረሻ ላይ እንደሚባል ያውቃል። ቀድሞ ከተባለ ምናልባት መጨረሻው ቶሎ የሚመጣ መስሎት ነው። ጠበቃዋ ይህን ተረዳች። መዳፉ ላይ የቀላውን መስመር አየች፤ እሷ ያሰመረችው ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም። ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አልመታውም» አለች።

አባቷ ማሙሽን ውጣ አለው። ማሙሽ አንዴም ዞር ብሎ ሳያያት በሩን ከፍቶ ሮጠ። ይቆያል ብላ አልጠበቀችም፤ ቢሆንም አመማት።

እጆቿን ዘረጋች። አባቷ ማስመሪያውን አንስቶ፣ ደንበኛ ሲለካ በሚቆጥርበት ድምፅ መቁጠር ጀመረ። እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረውን መቁጠር ትታ ፊቱን ታይ ነበር። ሰባተኛው ላይ አንድ ነገር ገባት፤ የገባት ግን ጥፋቷ አልነበረም። የአባቷ የአንገት ሥር ተገትሯል፣ አፍንጫው ይነፋል፣ ጥርሱን ነክሷል። በጣም ተናድዷል። ሁልጊዜም እንዲህ ይናደድ እንደነበር፣ ቁጥሩ ብቻ እንደሸፈነው ታያት። ያን ሁሉ ሰው ያሳቀችው በውሸት ነው።

አስራ አምስት ሞላ። አባቷ ማስመሪያውን አውርዶ የተለመደውን የምስጋና ቃል ጠበቀ።

እናቷ ከጨርቁ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «በይው ልጄ፣ ብለሽው ይለቅሽ» አለቻት በለሆሳስ።

ቃሉ ቀላል ነበር። ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ቁርስ ሲቀርብላት እንደምትለው ያለ ሐሳብ፣ ያለ ምንም። አንዴ ብትለው ወጥታ ማሙሽን ትፈልገዋለች፣ እጇንም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትነክራለች። ግን አፏን ዘጋች። መዳፎቿ እንደተዘረጉ ናቸው፤ አልሰበሰበቻቸውም።

አባቷ ጠበቀ። አሁንም ጠበቀ። እሷም ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም።

«አስራ ስድስት» አለ አባቷ።