ከባናው ሥር የተኛው

ይህን የማወራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። የሥራ ባልደረባዬ አድነው አብሮኝ ባይኖር ኖሮ እኔ ራሴም አላምነውም ነበር።

ረቡዕ ነው። ኅዳር። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት... ፀሐይ በመስኮት ገብታለች።

ሸጎሌ፣ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቢሯችን እዚያ ነው።

ሥራችን ገና ያልተሠሩ ቤቶችን በኮምፒውተር ሠርቶ ማሳየት ነው። አልጋው፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ... ፎቶ እስኪመስል ድረስ። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ሱፍ ነው። የክሩ ጠጉር ካልታየ ፕላስቲክ ይመስላል።

እንጦጦ ላይ ሎጅ የሚሠራ ደንበኛ ነበረን። "አልጋው ላይ የአገር ባና ይሁንልኝ" አለ።

እውነተኛ ባና ያላቸው አባባ ጉዲና ናቸው። የሕንፃው ዘበኛ። ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ከባድ ባና። ከትከሻቸው ወርዶ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ለመንኳቸው።

"ፎቶ ብቻ ነው አይደል?" አሉኝ።

"ፎቶ ብቻ ነው አባባ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመልስልዎታለሁ።"

"ብርዱ ጨክኗል የኔ ልጅ። እንዳትረሺኝ።"

ሰገነቱ ላይ አንጥፌ፣ እያንዳንዱ ክር እስኪታይ ፎቶ አነሣሁት። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ከቁስቋም ደወለች። አሟታል። ቢሮውን ቆልፌ ሮጥኩ።

ባናው ታጥፎ ቢሮ ውስጥ ቀረ።

ረሳኋቸው።

ማክሰኞ ስመጣ አባባ ጉዲና በር ላይ የሉም። የሕንፃውን ኃላፊ፣ አቶ ስብሐትን ጠየቅሁ።

"አገሩ ሄደ" አለኝ። "ትናንት ማታ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ አይቼዋለሁ። ባናውን ተከናንቦ።"

እሺ ብዬ አለፍኩ። እናቴን እያሰብኩ ነበር... ቃሉን ልብ አላልኩትም።

ረቡዕ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ የባናውን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ለሠራሁት አልጋ አልብሼ ሬንደር አስጀመርኩ፤ ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል እንዲሠራ።

ሬንደር ሲጀምር ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ቀስ እያለ ነው የሚጠራው።

ሠላሳ በመቶ... ሱፉ ያምራል። ደስ አለኝ።

አርባ በመቶ... አልጋው መሐል ጥላ አለ።

ስድሳ በመቶ...

ትከሻ።

ከባናው ሥር ሰው ተኝቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

"አድነው" አልኩ። "ይሄ ቀልድ አያስቅም።"

"የቱ ቀልድ?"

"አልጋው ላይ ሰው የጨመርከው።"

ወንበሩን ስቦ መጣ። አየ። ማውሱን ከእጄ ወስዶ ፋይሉ ውስጥ ያለውን አልጋ ፈተሸ። ጠፍጣፋ ነው። ከባናው ሥር ምንም የለም።

"ቤዚ... እኔ ፋይሉን አልነካሁም።"

አላመንኩትም። የኔን ኮምፒውተር መክፈት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱን ነቀልኩ። እጁን ከጠረጴዛው እንዲያነሣ ነገርኩት። እንደገና አስጀመርኩ።

ምስሉ ጠራ።

ሰውየው አለ። አሁን ግን ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ ሰብስቧል። እንደበረደው ሰው ተኮራምቷል።

አድነው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ባናው የማን ነው?"

"የአባባ ጉዲና።"

"አቶ ስብሐት ‘ተከናንቦ ሄደ’ አለኝ አላልሽኝም?"

ዞር ብዬ አየሁ። ባናው ከኋላዬ ባለው ወንበር ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ከሰኞ ጀምሮ።

ሁለታችንም ወደ አባባ ክፍል ደረጃውን በሩጫ ወረድን።

የዘበኛው ክፍል ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነው። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከውጭ።

"አባባ!"

በሩን ደበደብኩት።

"ምን ፈለጋችሁ?" አቶ ስብሐት ነው። ከኋላችን ቆሟል። መቼ እንደመጣ አልሰማንም።

"ክፈትልን።"

"ቁልፉ ጠፍቷል።"

እጁን ከኪሱ አላወጣም።

አድነው ከአሸዋው ክምር አጠገብ ፌሮ አነሣ። ሦስቴ መታው። በሩ ተገነጠለ።

አባባ ጉዲና ሲሚንቶው ላይ ተኝተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ጉልበታቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው።

ልክ እንደዚያ።

አንገታቸውን ዳሰስኩ። ለብ ብሏል... ይተነፍሳሉ።

"በማርያም" አለ አቶ ስብሐት። ወደ ኋላ አፈገፈገ። "ሲሄድ አይቼዋለሁ። ስጠራው እንኳ አልዞረም። ክፍሉ ባዶ መስሎኝ ነው የቆለፍኩት።"

"ባናውን የለበሰውን ነው ያየኸው?"

"ባናውን የለበሰውን።"

ይዋሻል አልኩ በልቤ። ፖሊስም እንደዚያ ነው ያለው። ግን አንድ ነገር አለ... የሚዋሽ ሰው እንደዚያ ሲፈራ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባባን ሆስፒታል ጠየቅኋቸው። ባናውን ይዤላቸው ሄድኩ። ሐኪሟ "ወድቀው ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ሁለት ሌሊት በዚያ ብርድ መትረፋቸው ይገርማል" አለችኝ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

"ይቅር ይበሉኝ አባባ። ረሳሁዎት።"

"ተይው የኔ ልጅ። እኔ አልበረደኝም።"

ባናውን ላለብሳቸው ዘረጋሁት። እጄን ያዙኝ።

"ያኛውንስ... አወጣችሁት?"

"የትኛውን?"

"ከጀርባዬ የተኛውን። ያሞቀኝን።"

ጎረቤት አልጋ ላይ ያሉት በሽተኛ ዞር ብለው አዩን።

"አባባ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።"

"ነበረ እንጂ" አሉ፣ በሹክሹክታ። "ሁለት ሌሊት አቅፎኝ ነው ያደረው። ፊቱን ግን አላየሁትም። እንዳትዞር አለኝ።"

ስልኬ ጠራ። አድነው ነው።

"ቤዚ፣ የት ነሽ?"

"ሆስፒታል። ምነው?"

"ሬንደሩን አንቺ ነሽ ያስጀመርሽው?"

"እኔ ከጠዋት ጀምሮ ቢሮ አልገባሁም።"

"ቆይ፣ ልላክልሽ" አለ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ከዚያ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ።

አልጋው ላይ፣ በግድግዳው በኩል፣ ትናንት ሰውየው የነበረበት ቦታ ጠፍጣፋ ሆኗል። ማንም የለም።

በዚህኛው በኩል ግን...

አንድ ሰው አለ። ረጅም። እስከ ራሱ ተሸፍኗል። ወደኛ ዞሯል።

የባናውን ጠርዝ ከውስጥ የያዙ አራት ጣቶች ይታያሉ። ወደ ታች እየገፈፉት።

ምስሉ ገና ሰማንያ በመቶ ላይ ነበር።