ዋሻው አፍ ላይ ያለው መጋጠሚያ

ባቡሯ ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ እንደገና ቀጥ አለች።

«አሁንስ አበዛችው» አለ ዶክተር ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ። የተበላሸ ነገር ሁሉ ካልጠገንኩ ስለሚል ክፍሉ ያወጣለት ስም ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የትንሿን ባቡር ሐዲድ የገጣጠመችው ጭራሮ ናት፤ እሷም ይህን ስሟን ያገኘችው በቅጥነቷ ነው። ከሥር ያለው ሽቦ የዶክተር ሥራ ነው።

«ሽቦው ነው የሚቋረጠው» አሉ የፊዚክስ መምህሩ ሰዓታቸውን እያዩ። «ሥራችሁን ሊያዩ የመጡት ወላጆች በር ላይ ናቸው። ካልሆነ በጨርቅ እንሸፍነውና የሌሎቹን ሥራ እናሳያለን።»

ሽቦው እንዳልሆነ ከጭራሮ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሐዲድና ሐዲድ ጫፍ ለጫፍ ስለተጠጉ ብቻ ተጋጠሙ አይባልም። ከሥራቸው ትንሽ የብረት ጫማ አለች፤ ሁለቱም ጫፎች እሷ ውስጥ መግባት አለባቸው፣ ኤሌክትሪኩም የሚሻገረው በእሷ ነው። ከዚያ ዓይን ተጨፍኖ መጋጠሚያው በጣት ይዳሰሳል። ይህን ደንብ ለታናናሾቹ ተማሪዎች አፏን ሞልታ የምታስተምረው ራሷ ጭራሮ ናት። ለዚህም ነው የእሷን መጋጠሚያ ማንም የማይፈትሸው።

ትናንት ግን ጓደኞቿ ከውጭ እየጠሯት ዋሻው አፍ ላይ አንደኛው ጫፍ አልገባ ብሎ ከብረቷ ጫማ በላይ ተቀመጠ። ጣቷ አውቆታል። «ማን ያየዋል» ብላ ሙጫ አፈሰሰችበት፣ ጠጠር በተነችበት፤ ላዩ ሲታይ እንከን አይወጣለትም። ሙጫው እስኪደርቅ ደግሞ ባቡሯ አልተሞከረችም።

የዶክተር አባት ገቡ። መካኒክ ናቸው፤ የሥራ ቱታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነው የመጡት። የልጃቸውን እግሮች ከጠረጴዛው ሥር ሲያዩ ሳቅ አሉ።

«ቤትም እንዲሁ ነው» አሉ ለመምህሩ። «መፍታት ላይ ጎበዝ ነው፤ መግጠም ላይ የለበትም።»

ጭራሮ ጎንበስ ብላ አየችው። ዶክተር ሰምቷል፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ፒንሳውን ሽቦዎቹ ላይ ደግኖ ነበር።

«የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አልገባኝም» አላት ቀስ ብሎ። «ሁሉንም ቆርጬ እንደ አዲስ ልጀምር መሰለኝ። ያንቺ ሐዲድ እንደሁ አይታማ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በጨርቅ ይሸፈናል፣ ሰው ይሄዳል፣ ነገሩም ይረሳል ብላ አሰበች፤ ማሰቧም ራሱ አሳፈራት። አባትየው ግን ይህን ቀልድ ቤት ይዘውት እንደሚገቡ ታያት።

«አትቁረጥ» አለች። «ፒንሳውን ስጠኝ።»

ቀና ብላ ዋሻው አፍ ላይ የደረቀውን ጠጠር መፋቅ ጀመረች።

«ኧረ ምን ነካሽ፣ ያማረውን?» አሉ መምህሩ።

«ሽቦው ደህና ነው» አለች። ድምፇ ስለቀጠነባት ወደ ዶክተር አባት ዞራ ደገመችው። «ጋሼ፣ ሽቦው ምንም አልሆነም። እሱ አልተሳሳተም።»

ከዚያ ዳር ቆመው ከሚያዩት ታናናሾች አንዷን ጠራቻት። «ነይ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ እዚህ ጋ ዳስሺ።»

ልጅቷ ሐዲዱ ላይ ጣቷን ሳበች፤ መሃል ላይ ቆመች።

«ያደናቅፋል» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ማነው እንዲህ የገጠመው?»

«እኔ» አለች ጭራሮ፤ ጫፉንም ለማውጣት ጎንበስ አለች።